የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ካሴት፦ ስትሪሚንግ በግሉ ለሚሰራ ሙዚቀኛ ምን ሰጠ፣ ምን አልሰጠም

ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ከሚሰለፉት ሹፌሮች ብዙው የኛ ሰው ነው፣ ዲሲና ቨርጂኒያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ተራ እስኪደርስ ረጅም ሰዓት ይጠበቃል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ አገር ቤት ይደውላል፣ አንዱ ፖለቲካ ይተነትናል። ከነዚህ ሹፌሮች መሀል ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ትራንካቸውን ከፍተው በባትሪ የሚሰራ ያማሃ ኪቦርድ ያወጡና ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። አንድ ቀን አይደለም፣ ለዓመታት። ደንበኛ ሲመጣ ኪቦርዱ ወደ ትራንክ ይመለሳል፣ የሰው ሻንጣ ከጎኑ ይገባል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ኋላ የተቀመጠው መንገደኛ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው እየነዳው እንደሆነ አያውቅም።

እኚህ ሰው ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ይሄን የምጽፈው ለምን መሰላችሁ፣ እኔ በትርፍ ሰዓቴ እዚህ ያሉ ልጆች ዘፈናቸውን ስፖቲፋይና አፕል ሚውዚክ ላይ እንዲጭኑ አግዛለሁ፣ እና ሁሉም የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ «ስንት ይከፍላል?»። እኔ ደግሞ ሁሌም የምመልሰው በጋሽ ኃይሉ ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም ስትሪሚንግ፣ ማለት ዘፈን ሳይገዙ በኢንተርኔት ላይ ማዳመጥ፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ከሳቸው በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የኛ ሰው አላየሁም። ሁሌ በቃል ከምደጋግመው አንዴ በደንብ ልጻፈውና ላጋራችሁ ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፣ አልበሞቹ ላይም የሚገኙት እንደዛ ስለሆነ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጋሽ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ነው የተወለዱት፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጡ፣ 14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አኮርዲዮን በራሳቸው ተማሩ። ከዛ ትምህርታቸውን ትተው ጦር ሰራዊት የሙዚቃ ክፍል ገቡ፣ ኖታ ማንበብና መጻፍ የለመዱት እዛ ነው። ከሰራዊት ወጥተው ክለብ ለክለብ እየዞሩ ሲጫወቱ ቆዩና በ70ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ባንድን ከጓደኞቻቸው ጋር መሰረቱ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። በዛ ዘመን ሙዚቀኛ ማለት የሆነ ቤት ሰራተኛ ማለት ነበር። ወይ የክብር ዘበኛ፣ ወይ የፖሊስ ሰራዊት፣ ወይ የሀገር ፍቅር፣ ወይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሰው ነህ፣ እነዛ ደሞዝ ይከፍላሉ ግን ሙዚቃውም መሳሪያውም የነሱ ነው። ክለብ ውስጥ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ መሳሪያው በአብዛኛው የክለቡ ባለቤት ነው፣ ከባለቤቱ ጋር ከተጣላህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። ዋልያስ ግን የራሱ ባንድ ነበር፣ ኮንትራቱን ራሱ እየተዋዋለ የሚሰራ። ዛሬ «ኢንዲፔንደንት አርቲስት» የምንለው ነገር አዲስ አይደለም ለማለት ነው፣ እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት እዛው አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረውታል።

ሂልተን ሆቴል ገብተው ለዓመታት ተጫወቱ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ከተማው በጊዜ ይዘጋል። እና ምን ሆነ፣ ቤቱ አልተዘጋም፣ የገባው ሰው እዛው ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል፣ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ሁሉም ወደየቤቱ። ሙሉ ሌሊት መጫወት ካለብህ ደግሞ ዘፋኝ ብቻውን አይችለውም፣ ሳንሱሩም ግጥም ላይ ዓይኑን ጥሏል፣ ስለዚህ ያለ ዘፈን በመሳሪያ ብቻ የሚሄድ ረጅም ሙዚቃ ቦታ አገኘ። ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይመስለኝም፣ ያን ዘመን ሙዚቃ የሰማ ሰው ይስማማል ብዬ አስባለሁ። በ1977 «ቼ በለው» የሚለው የመሳሪያ አልበም ወጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የተጫወቱበት፣ የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት። በዓመቱ ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጡ።

1981 ላይ ዋልያስ ለቱር አሜሪካ መጣ። ቱሩ ሲያልቅ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚሁ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። ዲሲ ውስጥ ዙላ ባንድ በሚል ስም ተጫወቱ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ገብተው ሙዚቃ ተማሩ። እና በ1985 አንድ ነገር ሰሩ፣ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ገብተው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እየደራረቡ የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ድምፅ በዘመኑ ማሽን ቀረጹት። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት ነው። ባንድ የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ አንድ ሰውና ማሽኖቹ ብቻ። ዛሬ መኝታ ቤቱ ውስጥ በላፕቶፕ ቢት የሚሰራ ልጅ ከሚሰራው የተለየ አይደለም። ካሴቱ አገር ቤት ሄደ፣ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ በቃ እዛው ቀረ። በ90ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ቆመ፣ በ1998 ደግሞ ታክሲ ጀመሩ።

የካሴት ዘመን ገንዘብ እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ወጣት ካለ ላስረዳው። ለሙዚቀኛው ወይ አሳታሚው አንዴ ይከፍለዋል ወይ ራሱ ያሳትማል፣ ከዛ በኋላ ካሴቱ ሲገለበጥ ሲባዛ ሲሸጥ እሱ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። መርካቶ አንድ ኦሪጅናል ከተገዛ ስንት ቅጂ እንደሚወጣለት እናውቃለን። ሰውየው የሚበላው በካሴት ሳይሆን በሌሊት ስራ ነው፣ የሌሊት ስራው ሲቆም ገቢውም ቆመ ማለት ነው። ሸክላው ላይ ያለው ነገር ደግሞ ይብሳል። የ«ቼ በለው» ኦሪጅናል ሸክላ እጅግ ብርቅ ሆነና የፈረንጅ ሰብሳቢዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይቀባበሉበት ጀመር። አንድ ሸክላ በሺህ ዶላር ሲሸጥ ለተጫወቱት ሰዎች ስንት ይደርሳል? ዜሮ። አንድ ሳንቲም አይደርስም፣ ምክንያቱም ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ ነው፣ ሻጩና ገዢው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባህር ዳር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ ጋና ለጥናት ሄዶ ካሴት መሰብሰብ ጀምሮ በ2006 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል ብሎግ ከፈተ፣ ካሴቶቹን ዲጂታል አድርጎ በነፃ ይለቅ ነበር። ለአርቲስቶቹ ምንም የማይከፍል ነገር ነበር በመጀመሪያ፣ እውነቱን እንናገር። በኋላ ግን ወደ ሌብል፣ ማለት ወደ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት፣ ቀየረው፣ የመጀመሪያውን አልበም በ2011 አወጣ፣ እና ደንቡ ግልፅ ነው፣ ትርፉ ከአርቲስቱ ጋር 50 በ50። ይሄ ሰውዬ ባህር ዳር ሲዞር የ1985ቱን ካሴት አገኘ፣ ሰማው፣ ማመን አቃተው። ከዛ ኢንተርኔት ላይ ስማቸውን ፈልጎ ስልክ አገኘና ደወለ። በቃ እንዲህ ቀላል ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሙሉ ቁጥራቸው እዛው ነበር፣ የደወለ ሰው ነው ያልነበረው።

በ2013 ካሴቱ እንደገና ወጣ። በሸክላ፣ በሲዲ፣ በካሴት እና በዲጂታል። እዚህ ላይ ነው የኔ ርዕስ የሚጀምረው። እንደ ድሮው ቢሆን አንድ ትንሽ ሌብል ጥቂት ሸክላ ያትማል፣ ኒውዮርክና ለንደን ያሉ ሱቆች ይወስዱታል፣ አንድ ጋዜጣ ይጽፍለታል፣ ያልቃል፣ ይረሳል። አሁን ግን የዲጂታሉ ቅጂ አያልቅም። ሸክላው ቢያልቅም ሙዚቃው ሳኦ ፓውሎ ያለ ልጅ ስልክ ላይ በሌሊት 8 ሰዓት ይገኛል። ዩቲዩብ ላይ አንዱን ሰምቶ የጨረሰ ሰው ሌላው ራሱ ይመጣለታል፣ ስፖቲፋይ ላይ የሙላቱን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው አጠገቡ የኃይሉ መርጊያን ስም ያያል። ስለ ኢትዮጵያ ምንም የማያውቅ፣ አማርኛ ቃል የማይለይ ሰው አኮርዲዮኑን ይወደዋል። የመሳሪያ ሙዚቃ መሆኑ ደግሞ እዚህ ጋ ትልቅ ጥቅም ሆነ፣ ቋንቋ አያግደውም። ሰው እየሰራ እያነበበ የሚሰማው ፕሌይሊስት ውስጥ ይገባል።

እሺ ገንዘቡስ? ልጆቹ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፣ ስለዚህ በደንብ እንቁጠረው።

ብዙ ሰው ስፖቲፋይ አንዴ በተሰማ ቁጥር ይሄን ያህል የሚል ዋጋ ያለው ይመስለዋል፣ የለውም። የሚሰራው እንዲህ ነው፣ ከደንበኞች ክፍያና ከማስታወቂያ የሚገባው ገንዘብ አንድ ላይ ይጠራቀማል፣ ድርጅቱ ሲሶ ገደማውን ያስቀራል፣ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ለመብት ባለቤቶች ይከፋፈላል፣ ድርሻህ ከጠቅላላው መደመጥ ውስጥ የያዝከው ፐርሰንት ነው። ማለት፣ ዛሬ አንድ የዓለም ኮከብ አዲስ አልበም ቢለቅና ሰው ሁሉ እሱን ቢሰማ ያንተ አድማጭ ሳይቀንስ ድርሻህ ይቀንሳል። ይሄን ሁሉ ቀላቅለው ሰዎች ሲያሰሉት አንድ መደመጥ ከአንድ ሳንቲም ሲሶ ወይ ግማሽ አካባቢ ይመጣል፣ የአሜሪካ ሳንቲም ነው የምለው፣ አገሩም የደንበኝነቱ ዓይነትም ይቀያይረዋል። 1,000 ጊዜ ሲደመጥ ሦስት ዶላር ተኩል ብለን እንያዘው፣ 100,000 ጊዜ ቢደመጥ 350 ዶላር ነው። በ50 በ50 ደንብ 175 ዶላር ይደርስሃል፣ ያውም አከፋፋዩ፣ ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ የሚያደርሰው ድርጅት፣ የሚወስደው ሳይነሳ።

አሁን ይሄን በጋሽ ኃይሉ ሙያ እንተርጉመው። ከደለስ ዲሲ መሀል ከተማ ታክሲ 70 ዶላር ገደማ ነው በኔ ልምድ። 100,000 ጊዜ መደመጥ ማለት ሁለት ተኩል የኤርፖርት ጉዞ ነው። አንድ ቀን እንኳን አይሞላም። መቶ ሺህ ጊዜ ጆሮ ተሰጥቶህ የአንድ ግማሽ ቀን ታክሲ ስራ። ይሄን ሂሳብ ስነግራቸው ፊታቸው የሚጠቁር ልጆች አሉ፣ እኔንም አያስደስተኝም፣ ግን ከመጫናቸው በፊት ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ሌላ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ስፖቲፋይ ላይ አንድ መደመጥ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ካለፈ ነው፣ ከዛ በኋላ ሙዚቃው ሁለት ደቂቃ ይሁን አስር ደቂቃ ክፍያው ያው ነው። የኛ ሙዚቃ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ትዝታ በሁለት ደቂቃ አይገባህም። ጋሽ ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አልበም ሲያወጡ የመክፈቻው ትዝታ ብቻውን አስር ደቂቃ አካባቢ ነው፣ አልበሙ በሙሉ ስድስት ሙዚቃ ነው ያለው። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው የተቆጠረው። ያንኑ ሰዓት ሁለት ሁለት ደቂቃ ከፋፍሎ የሚለቅ ሰው ሦስት እጥፍ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ዛሬ መግቢያው እያጠረ፣ ሙዚቃው እያነሰ የሚሄደው ያለምክንያት አይደለም፣ የክፍያው ስርዓት ነው የሚቆርጠው። ጋሽ ኃይሉ አልቆረጡም። ትዝታቸውን እንደ ሂልተን ሌሊት ዘርግተው ነው የተጫወቱት፣ ለዛ ደግሞ አከብራቸዋለሁ ከልቤ።

ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ትራክ የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። ለጀማሪው ግን፣ በተለይ አድማጩ አገር ቤት ሆኖ ዳታ እየቆጠበ ቴሌግራም ላይ ፋይል ለሚቀባበልበት ልጅ፣ ያቺን 1,000 ማለፍ ራሱ ስራ ነው።

ታዲያ ጋሽ ኃይሉን ምን ለወጣቸው ካልክ፣ መልሱ መድረክ ነው። ካሴቱ በወጣ በዓመቱ ሳይሞላ ጋባዥ መጣ፣ ከ20 ዓመት በላይ ከመድረክ ርቀው የቆዩ ሰው አውሮፓና አሜሪካ መዞር ጀመሩ። ፕሮግራም አዘጋጅ አንድን ሙዚቀኛ ከመጋበዙ በፊት ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ፣ በየከተማው ስንት ሰው እንደሚሰማው ያያል። የትኛው ከተማ ውስጥ ስንት አድማጭ እንዳለህ ስትሪሚንጉ ይቆጥራል፣ ላንተም ለሌብሉም ይታያል። በካሴት ዘመን ጋሽ ኃይሉ ካሴታቸው ጎንደር ይሰማ ጂማ ይሰማ አያውቁም ነበር፣ በርሊን ውስጥ የሚሰማ ካለማ በምን ያውቁታል። አሁን በርሊን ውስጥ አንድ አዳራሽ የሚሞላ ሰው እንዳለ ይታወቃል፣ አዳራሹ ይያዛል፣ ትኬት ይሸጣል፣ መውጫው ላይ ሸክላና ቲሸርት ይሸጣል። አንድ ሌሊት በደንብ የሞላ ትንሽ አዳራሽ የዓመት ስትሪሚንግ የማያመጣውን ያመጣል። ለኔ የጉዳዩ ልብ ይሄ ነው፣ ስትሪሚንጉ ደሞዝ አልሆነም፣ አድማጩ የት እንዳለ የሚጠቁም ጣት ሆነ። ከ2013 በኋላ ሌሎቹም ተከታተሉ፣ በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ ያ ሰብሳቢዎች በሺህ ዶላር የሚቀባበሉት ሙዚቃ ስልክ ያለው ሁሉ የሚሰማው ሆነ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይሄን ነው፣ የሺህ ዶላሩ ሸክላ ለተጫወቱት ዜሮ ሰጠ፣ የሳንቲም ክፋዩ መደመጥ ግን ትንሽም ብትሆን መንገድ አላት፣ ወረቀቱ ከተስተካከለ።

ወረቀቱ ከተስተካከለ ነው ያልኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ስትሪሚንግ ላይ ሁለት ዓይነት መብት አለ፣ አንዱ የቀረጻው፣ ማስተር የምንለው፣ ሌላው የድርሰቱ፣ ዜማና ግጥም። የ1985ቱ ካሴት ለምን እንዲህ ቀለለ? ምክንያቱም የቀረጹት ብቻቸውን ናቸው፣ ሁሉንም መሳሪያ የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው፣ በህይወት አሉ፣ ስልክ ያነሳሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ፊርማ። ስምንት ዘጠኝ ሰው የተጫወተበት አልበም ሲሆን ግን አስቡት፣ ከፊሉ አገር ቤት፣ ከፊሉ አሜሪካ፣ ከፊሉ በህይወት የለም፣ ውል በቃል ነው የነበረው፣ ስቱዲዮው ሌላ፣ አሳታሚው ሌላ። የኛ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃ በብዛት እንዲህ ነው ያለው። ሂዱና ዩቲዩብ ላይ የድሮ ዘፈን ፈልጉ፣ በማንም ቻናል ተጭኖ በሚሊዮን ቪው ያለው ታገኛላችሁ፣ ማስታወቂያው ይሄዳል፣ ገንዘቡ ወደ ጫነው ሰው። ከበሮ የመታው ሰውዬ ስሙ እንኳን የለም። አገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አላት፣ የተጫዋቹንም የአሳታሚውንም መብት ያውቃል፣ በወረቀት ላይ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ያረፈው የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይሄን ጉዳይ ስንት ዓመት እንደጮኸበት የሙዚቃ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመውም ለዚሁ ነበር፣ ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ዜማ ደራሲውም ገጣሚውም አቀናባሪውም እንዲያገኝ። ነፍሱን በገነት ያኑርልን፣ ያ ሀሳብ ትክክል ነበር።

የስም ነገርም አለ፣ ትንሽ ይመስላል ግን ገንዘብ ይበላል። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ሁላችንም እንደመሰለን ነው። «ቼ በለው» አልበሙ ላይ በቲ ነው የሚጀምረው፣ የፈረንሳይ አጻጻፍ ይመስላል፣ የኛ ልጅ ግን በሲ ጀምሮ ነው የሚፈልገው። «ሸሞንሟናዬ»ን አንዱ በዩ፣ አንዱ በደብሊው ይጽፈዋል። አንድ ትዝታ በአራት ዓይነት ፊደል ይጫናል። ፍለጋው አያገናኛቸውም፣ የአንድ ሰው አድማጭ ሦስት ቦታ ይበተናል፣ ሦስቱም 1,000 ሳይሞሉ ሊቀሩ ይችላሉ። እኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ ሦስት ዘፈኑን በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ ጭኖ ስፖቲፋይ ሦስት የተለያየ ዘፋኝ አድርጎት ነበር፣ ለማስተካከል ወራት ፈጀብን። የጋሽ ኃይሉ ነገር አንድ ሌብል ስለያዘው አንድ አጻጻፍ፣ አንድ ገፅ፣ ሁሉም አልበም በአንድ ቦታ። ሌብሉ የሰራው ትልቁ ስራ ምናልባት ይሄ የማይታየው ነው።

አሁን ወደ 2020። አዲሱ አልበም «የኔ ምርጫ» የሚወጣበት ቀን ተቆረጠ፣ ማርች 27። ማርች 11 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። መድረክ በሙሉ ተዘጋ። እንግዲህ ቅድም የቆጠርነውን አስቡ፣ ገቢው የሚመጣው ከመድረክ ነው፣ መድረኩ ደግሞ የለም፣ ኤርፖርቱም ባዶ ነው፣ ታክሲ የሚሳፈር ሰው የለም። ሁለቱም እንጀራ በአንድ ሳምንት ተቋረጠ። ይሄ የሳቸው ብቻ አልነበረም፣ እዚህ ያለ የኛ ሙዚቀኛ ሁሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግና ሬስቶራንት እየሰራ ልጆቹን የሚያሳድገው ሁሉ፣ በዛ ወር ምን እንደሆነ አይተናል። ያኔ ነው ስትሪሚንግ ብቻውን ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የገባን።

በዛው ሳምንት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ባንድካምፕ የሚባል ቦታ አለ፣ ከ2008 ጀምሮ ያለ፣ ከስትሪሚንግ ይለያል፣ አድማጩ አልበሙን ይገዛዋል፣ ከፈለገም ከዋጋው በላይ ይከፍላል፣ ቤቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 ፐርሰንት ነው የሚወስደው። ማርች 20፣ 2020 አርብ ቀን ባንድካምፕ ያቺን ድርሻውን እንኳን አልወስድም አለ ለአንድ ቀን፣ እና በአንዲት ቀን ሰው 4.3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ ሙዚቃ ላይ። «የኔ ምርጫ» የወጣው ልክ በሳምንቱ አርብ ነው። ኦሰም ቴፕስ እዛ ቦታ ላይ ገፅ አለው፣ አልበሙ እዛ ይሸጣል። ቁጥሩን አስቡት፣ አንድ ሰው አልበሙን በ10 ዶላር ቢገዛ ወደ ሌብሉና ወደ አርቲስቱ 8 ዶላር ከምናምን ይሄዳል። ያን ያህል ከስትሪሚንግ ለማግኘት ከ2,000 ጊዜ በላይ መደመጥ አለበት። አንድ የሚወድህ ሰው 2,000 ጊዜ ከሚያልፍብህ ጆሮ ይበልጣል ማለት ነው፣ በሂሳብም።

ሰዎች ይሄን ታሪክ ሲያወሩት ታክሲ ሹፌር ነበሩ፣ ተገኙ፣ ዝነኛ ሆኑ፣ አለቀ ይላሉ። እንደዛ አይደለም። «ላላ በሉ» ወጥቶ የአሜሪካ ትልልቅ ጋዜጦች ሲጽፉላቸው ጋሽ ኃይሉ በቱርና በቱር መሀል ታክሲ ይነዱ ነበር አሁንም። እኔ ይሄን ሳነብ መጀመሪያ አዘንኩ፣ በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ታክሲው ነው እንቢ የማለት አቅም የሰጣቸው። ወለድ ያለበት ብድር አይወስዱም፣ መጥፎ ውል አይፈርሙም፣ ለአልጎሪዝም፣ ለአድማጩ ሙዚቃ ለሚመርጠው የኮምፒውተር ስሌት፣ ብለው ትዝታቸውን አያሳጥሩም፣ ምክንያቱም የቤት ኪራዩ ከሙዚቃው አይጠብቅም። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ እሳቸው እንዲህ ብለዋል አላልኩም። ግን ልጆቹን ሳማክር ስራህን ልቀቅና ሙዚቃ ላይ ብቻ ተኛ አልልም አሁን፣ ከዚህ ታሪክ በኋላ።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ኪቦርዱ ነው። ሺምኮቪትዝ ሲደውል ጋሽ ኃይሉ 15 ዓመት ታክሲ ነድተዋል፣ መድረክ ካዩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አልበሙ ድሮም ጥሩ ነበር፣ ስትሪሚንጉ አድማጭ ያመጣል፣ ግን አዳራሹ ሞልቶ መብራቱ ሲበራ ጣቶቹ መስራት አለባቸው። ሌሎች የዛ ዘመን ትልልቅ ሰዎች ስልክ ቢደወልላቸው እጃቸው ደርቆ የሚቀሩ ይኖራሉ፣ አይፈረድባቸውም፣ ኑሮ ነው። እሳቸው ግን ማንም በማይሰማበት፣ ማንም በማይከፍልበት፣ የታክሲ ተራ ላይ ለዓመታት በየቀኑ ጠብቀውት ነበር። ያን ልምምድ ስፖቲፋይ አልቆጠረውም። ካሴቱ ሲነሳ ሰውየው አብረው ተነሱ፣ ለዛ ነው ከድሮ አልበም አልፈው «ላላ በሉ»ንና «የኔ ምርጫ»ን የመሰለ አዲስ ስራ ያወጡት፣ ከባስና ከድራም ጋር፣ ከማሲንቆ ጋር፣ በ70ዎቹ ዕድሜያቸው።

ባለፈው አንድ ወጣት እኔ ጋ መጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ውስጥ ክራር የሚጫወት፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ። አስራ አንድ ዘፈን፣ በጣም ጥሩ ስራ። «ስንት ይከፍላል?» አለኝ እንደ ሁሉም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማስተሩ የማን ነው አልኩት፣ የኔ ነው አለ። ባስ የተጫወተው ማነው? ስም ነገረኝ። ድራሙስ? ዜማው? ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ግጥም? ምን ተስማማችሁ፣ ስንት በስንት? ዝም አለ። ከዛ ስልኩን አወጣና በረንዳ ላይ ወጣ፣ በመስታወቱ አየዋለሁ፣ ከአንዱ ጋር ሲስቅ ከአንዱ ጋር ሲከራከር አርባ ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ የናፕኪን ወረቀት ላይ ስምና ፐርሰንት ጽፎ መጣ፣ የድራመሩን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነበር። መጫን የጀመርነው ከዛ በኋላ ነው።